በሐሰት የተከሰሰችው በቅሎ

ከባሌ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የበቅሏችንን የኮርቻ ጠፍር መስፋት ነው። እሱ ወጥሮ ያዘ፣ እኔ በወስፌ ወጋሁ። ሁለት ጊዜ ስቼ ጣቱን ወጋሁትና ሁለቴም ደሙን እየመጠጠ "ይበለኝ! የበቅሎዋ ግፍ ነው" አለ።

እውነቱን ነው፤ በድሏት ነበር።

ባሌ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ቫይረሱ በደማችን እንዳለ ሁለታችንም ካወቅን ዓመታት አልፈዋል፤ መድኃኒታችንን ከመካነ ሰላም እናመጣለን። አንድ ዐቢይ ጾም ላይ እሱ ሳይነግረኝ ኪኒኑንም ጾመ። ፋሲካ መጣ፤ በወተቱም በሥጋውም ፈሰከ፣ በኪኒኑ ግን አልፈሰከም።

በዓመቱ ቅልጥሙ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ነጠብጣብ አየሁና "ምንድን ነው?" አልኩት።

"በቅሎዋ ረግጣኝ ነው።"

ወሬው መንደሩን ዞረ። በቅሎዋን የሸጡልን ጎረቤታችን ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ።

"ወላሂ፣ ይህች በቅሎ ሰው ረግጣ አታውቅም! ስሜን አጠፉት፣ የኔታ!"

"አብሽሩ፣ አባቴ። ስታረጅ ጠባይዋ ተለውጦ ነው።"

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብስበው ከበቅሎዋ ኋላ ቆሙና ጭራዋን ጎተቱ። ገለባዋን ታኝካለች። ደግመው ጎተቱ። ዘወር ብላ በትዝብት አየቻቸውና ወደ ገለባዋ ተመለሰች።

ባሌ አልተረታም፤ ከላላ ገበያ ወስጄ እሸጣታለሁ አለ። ሳምንት ሳይሞላ ነጠብጣቡ በሌላኛው እግሩ ወጣ። "ዞራ ረገጠችኝ" አለ። አንድ ቀን ሲያዛጋ ላንቃው ላይም አየሁት። አንቱ የምለው ላሾፍበት ስፈልግ ብቻ ነበር።

"የኔታ፣ ላንቃዎንም ረገጠችዎት?"

በማግስቱ ያቺኑ ተከሳሽ ጭነን ወደ ሐኪም ሄድን።

ካንሰር ነበር። ነርሷ አስረዳችን፤ ኤች አይ ቪ የሰውነትን አጥር ሲያፈርስ ሌላ ቫይረስ በክፍተቱ ይገባና እንዲህ ያለ ካንሰር ያመጣል።

"አጥሩን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ በቅሎዋ ምንም የለችበትም" አለ ባሌ። ነርሷ የየትኛዋን በቅሎ ነገር እንደሚያወራ ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች።

"ሴቶች ላይ ደግሞ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣ ሌላ ቫይረስ አለ። ተመርምረሽ ታውቂያለሽ፣ እናቴ?"

"እመጣለሁ" አልኩ። አልመጣሁም። መጀመሪያ ውቂያ ደረሰብኝ፣ ቀጥሎ እንግዳ መጣብኝ። እሱ ኪኒኑን ቢቀጥልም፣ ለሕክምና ደሴ ቢመላለስም እየከሳ ሄደ። በየቀኑ ግን ይጠይቀኛል፤ "ምርመራውስ?"

"ጠፍሩ ተበጥሷል፣ በምን ልሂድ?" አልኩት በመጨረሻ።

"አምጪው። እኔ በበቅሎዋ አሳበብኩ፤ አንቺ ደግሞ በኮርቻዋ ልታሳብቢ ነው?"

ሰፋነው። በሳምንቱ ሞተ።

ከአርባው በኋላ በቅሎዋን ስጭን ሽማግሌው አዩኝ።

"ወዴት ነው፣ ልጄ?"

"ሐኪም ጋ።"

"ረገጠችሽ እንዴ?" አሉ ደንግጠው።

"ኧረ እሷስ ሰው ረግጣም አታውቅ!"

ከሐዘኑ ወዲህ መጀመሪያ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ምርመራው ላይ ትንሽ የተለወጠ ነገር ተገኘብኝ፤ ገና ካንሰር አልሆነም ብለው እዚያው አከሙኝ። ለእሱ ልንገረው ብዬ ተጣድፌ ቤት ደረስኩ፤ የነገርኩት ለበቅሎዋ ነው።

አሁን ጾምም ሆነ ፍስክ ኪኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ፤ በቀጠሮዬ ቀን በቅሎዋን ጭኜ መካነ ሰላም እሄዳለሁ።