ወደ ፓምፕ ቤቱ የሚወርደው ሽቦ

«እቴ፣ ጋሼን ወሰዷቸው!» አለኝ የበሩ ዘበኛ በስልክ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ እንዳለ አማተብሁ።

ጋሼ የምንላቸው የፋብሪካችንን የስልክ መስመር የሚጠግኑት ሽማግሌ ነበሩ። እኔ ማዞሪያው ፊት ተቀምጬ ቢሮውን ከመጋዘኑ፣ መጋዘኑን ከሐይቁ ዳር ፓምፕ ቤት አገናኛለሁ፤ ሽቦውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት የፓምፕ ቤቱ መስመር ዝም አለ። በዋዜማው እዚያ የዋሉት ጋሼ ስለሆኑ «ሽቦውን ቆርጦታል» ተባለ። በደርግ ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የኖረበት ያውቀዋል።

ደፋር ሴት አይደለሁም። ማተቤን እንኳ በሻርፕ ሸፍኜ ነበር ሥራ የምገባው። ግን እጄ ያወቀውን ነገር መዋጥ አልቻልሁም። ሽቦው ከተቆረጠ የማዞሪያው እጀታ ቀልሎ ይሾራል፤ ሽቦና ሽቦ ከተነካካ ግን እንደ እጅ ወፍጮ ይከብዳል። ያስተማሩኝ ራሳቸው ጋሼ ናቸው። ያን ጠዋት ከብዶኝ ነበር። ውዳሴ ማርያም በልቤ እየደገምሁ የፋብሪካችን ካድሬ ዘንድ ገባሁ።

«ጓድ፣ ሽቦው አልተቆረጠም፤ ወድቆ ተጠላልፎ ነው።»

«አሁን ደግሞ እጀታ ይመስክርልን?» ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም መጥቶ አዞረው፤ ደግሞ አዞረው። «እስቲ ወርደን እንየው» አለ።

እውነትም ሽቦው ሳይበጠስ ተጠላልፎ ተኝቷል፤ ሽቦውን የተሸከመው፣ ሥሩ የበሰበሰው እንጨት ወድቋል። እፎይ ልል ስል ካድሬው፣ «እንጨት መግፋትስ ሰው ያቅተዋል?» አለ።

ከዘጌ ማገዶ በታንኳ ጭነው የመጡ ባልና ሚስት ዳር ላይ ሆነው ይሰሙን ኖሯል። የሴትዮዋ ማተብ አንገቷ ላይ በግልጽ ይታያል።

«ምን ሰው አለበት ጌታዬ! ያቺ ባለ ግልገሏ ጉማሬ ናት። ጠዋት እኛን ስታባርር ገጭታው አለፈች» አለች ሴትዮዋ።

«በዓይናችሁ አይታችኋል?»

«ሸሽተን ታንኳ ላይ የወጣነው ታዲያ ከማን ኖሯል? ሰው ለዚህ ከታሰረ እሷንም እሰሯት፤ ገመዱን እኛ እናውሳችሁ!»

ባልየው ጭቃው ላይ ያለውን ዳናዋን አሳየው። ካድሬው ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁ አመለጠው። «በሉ ስማችሁን አስመዝግቡ» ሲል ግን ሁለቱም ታንኳቸው ላይ ነበሩ። ደንገሉ ጋረዳቸው።

ከሰዓት በኋላ የፓምፕ ቤቱ ደወል ጮኸ።

«ሃሎ፣ ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?»

የጋሼ ድምፅ ነው። «እሰማዎታለሁ» ልል ስል እንባዬ ቀደመኝ።

«አታልቅሺ እንጂ፤ ማዳመጫውን ታዝጊብኛለሽ!» አሉኝ።

ዛሬ ከጣና ርቄ ድሬዳዋ ነው የምኖረው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ በጸሎት የጋሼን ስም አነሣለሁ፤ ከሳቸው ቀጥሎ ሁለት ሰዎች ዘንድ ስደርስ የምጠራው ስም ይጠፋኛል። እናንተ ያን ዕለት በታንኳ የመጣችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ፣ አሁን መዝግቦ የሚይዛችሁ የለም፤ እባካችሁ፣ የክርስትና ስማችሁን ብቻ ላኩልኝ።