የኛ ቤት ቋጠሮ

ልሄድ ስል፣ በዋዜማው ማታ፣ አባቴ አልመረቁኝም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ «የቄስ ልጅ በምርቃት ነው የሚሄደው፣ ምን አለበት» እያላችሁ ስለምትቀኑብኝ ነው። ቄስ መልሴ የደብራችንን ሰው ሁሉ፣ ላም የጠፋበትን ሳይቀር፣ ይመርቃሉ። እኔን ግን አዩኝና «ለሩዛችን ገዥ አግኝተህ ስትደውል ያን ጊዜ እመርቅሃለሁ» አሉ። ከዚያ ሁለት ኪሎ የሚሆን የተፈለፈለ ሩዝ በትንሽ ከረጢት ጨምረው አፉን በቃጫ አሰሩት፣ በኛ ቤት ቋጠሮ።

ወረታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ተራ የጠበቀ ሰው ነገሩን ያውቃል። የስንቱ ቤት ጆንያ አንድ ላይ ይከመራል፤ ጆንያው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ስም የሚጽፍበት የለም። የሚለየው አፉ በታሰረበት ነው። የኛ ቋጠሮ ሦስት ዙር ዞሮ ሁለት ጆሮ ያወጣል፤ ግራው ጆሮ በሥር ያልፋል። አያቴ የዳዊታቸውን ማኅደር የሚያስሩት እንዲህ ነበር ይባላል። እኔ ስሜን መጻፍ ሳልችል ነው የተማርኩት።

ስሜን መጻፍማ ኋላ ተማርኩ፤ አልፌም ኢኮኖሚክስ ተማርኩ። ዲግሪዬን ይዤ ሦስት ዓመት አባቴ ማሳ ላይ ወፍ ጠበቅሁ። ሬዲዮው ኢኮኖሚው አደገ ባለ ቁጥር አባቴ ወደኔ ዞረው «እውነት ነው?» ይሉኛል፤ የተማርኩት እኔ ነኛ። «እውነት ነው፣ አባዬ» እላለሁ። «ታዲያ ይህን ሩዝ ማን ይግዛው?» ይላሉ። ለዚያ መልስ አላስተማሩኝም። የወረታ ነጋዴ የኛን ሩዝ እያፈሰ «ይቀላል፣ ይሰበራል፣ የውጩ ነጭ ነው» ብሎ ወደ ጆንያው መልሶ ይጥለዋል። እዚያው ፎገራ ላይ ቆሞ ነው እንግዲህ እንዲህ የሚለው፣ እግሩ ሥር የኛ ጭቃ እያለ።

ኋላ ደግሞ የጎረቤት አገሮች የጋራ ገበያ ተከፈተ፣ እቃ ያለ ቀረጥ ያልፋል ተባለ። እኔ ናይሮቢ ሄጄ ገዥ አመጣለሁ አልኩ። አባቴም ቁርጡን ነገሩኝ። ሰኔ ሳይገባ ገዥ ካገኘሁ ይዘራሉ። ካላገኘሁ ማሳውን ባህር ዛፍ ለሚተክል ሰው ይሰጣሉ። ባህር ዛፍ የገባበት ማሳ ደግሞ ወደ ሩዝ አይመለስም፤ ይህን እንኳን ገበሬ እኔም አውቃለሁ።

በሐሙሲት አድርጌ ባህር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሞያሌ። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን በሚዘጋበት ዘመን ይህ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል፤ ልለፈው። ድንበሩ ላይ ፓስፖርቴን ጧ አድርገው መቱልኝ። ኬንያ ለመግባት እኛ ቪዛ አንጠየቅም። ሩዙ ግን ተጠየቀ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ የጉምሩኩ ሰውዬ ከረጢቱን በብዕሩ እየነካ።

«ሩዝ ነው። የፎገራ።»

«የጤና ወረቀት አለው?»

«ሩዙ?»

«ሩዙ። የት እንደበቀለ የሚናገር የትውልድ ምስክር ወረቀትም ያስፈልገዋል።»

«አባቴ ቄስ ናቸው፤ የክርስትና ወረቀት ላስጽፍለት?»

አልሳቀም። «ያለ ወረቀት አያልፍም» አለ።

«ሁለት ኪሎ እኮ ነው፣ ለናሙና ነው። ገበያው ተከፍቷል አልተባለም እንዴ?»

«ተከፍቷል። ለእቃ ነው የተከፈተው።»

«ሩዝ እቃ አይደለም?»

«ወረቀት የሌለው እቃ አይደለም።»

ቋጠሮውን ሊፈታ ሞከረ። አልፈታ አለው። በምላጭ በጠሰውና ሩዙን ጥግ ወዳለው በርሜል ገለበጠው። ክረምቱን ሙሉ ጉልበታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመን ያበቀልነውን እኮ ነው። ያን ለት ብቻዬን እየተሳደብኩ ነው ድንበሩን ያቋረጥኩት፤ የቄስ ልጅ የማይሳደበውን ሁሉ።

ናይሮቢ አንዲት ክፍል ያከራየችኝ ሴትዮ ማማ ንጄሪ ትባላለች። በእንግሊዝኛ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ኢኮኖሚስት ነኝ አልኳት። «ሥራ የለህም ማለት ነው» አለችና የሁለት ወር ኪራይ ቅድሚያ ተቀበለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም። አንድ ቀን ኡጋሊ የሚሉትን ምግባቸውን አምጥታልኛለች። ገንፎ ነው፤ ግን መሐሉን ጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ የሚጨምርበት ዘመድ ያጣ ገንፎ ነው። ጤፍና ሩዝ ተደባልቆ የተጋገረውን የቤታችንን እንጀራ አስቤ ዓይኔ እንባ ሲሞላ እሷ ጣፍጦኝ መሰላት፤ ጨመረችልኝ።

ከገበያ ገበያ ዞርኩ። «ሩዝህ የታለ?» ይሉኛል። «ድንበር ላይ ቀረ» እላለሁ። አንዱ ሽማግሌ ነጋዴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አንተን አስገብተው ሩዙን አስቀሩት? ሩዙን ልከው አንተን ማስቀረት ነበረባቸው» አለኝ። ሌላው «ኬሾ ና» ይለኛል። ኬሾ ማለት ነገ ማለት ነው። ነገ ስሄድ ኬሾ፤ በነጋታው ስሄድ ኬሾ። ወሩ እንዲህ አለቀ፣ የያዝኩትም አብሮ አለቀ።

ያን ጊዜ ነው ጉዮ ሥራ ያስገባኝ። ጉዮ የሞያሌ ልጅ ነው፤ አማርኛ ከኔ እኩል ይናገራል፤ አንድ የሩዝ መጋዘን ውስጥ የሠራተኞች አለቃ ነው። ሥራው ይህ ነው። ከሩቅ እስያ በመርከብ የመጣውን ሩዝ ከከረጢቱ ታወጣለህ፣ «የቀጠናው ምርት» የሚል የታተመበት ጆንያ ውስጥ ትገለብጣለህ፣ አፉን ታስራለህ። በቃ። ያ ሩዝ በአንድ ግልበጣ ጎረቤታችን ተወልዶ ያደገ ይሆናል፤ ወረቀቱም አብሮት አለ፤ ቀረጥ አይነካውም። የአባቴ ሩዝ ግን የትውልድ ምስክር የለውም ተባለ።

«ማሽን ቆሞ እያለ ለምንድን ነው በእጅ የምናስረው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ባለቤቱ ነው። በእጅ ሲታሰር የገበሬ ይመስላል።»

«እኔ እኮ የገበሬ ልጅ ነኝ።»

«ታዲያ ለዚያ አይደል የቀጠርንህ» አለና ሳቀ።

«ጭነቱስ ወዴት ነው?»

ሳቁን ተወ። «ወደ ሰሜን ነው» አለ። ሰሜን የት አልኩት። «አገርህ ነዋ። ምን አደርቅሃለሁ፣ አንድ ቀን ማወቅህ አይቀርም።»

ያን ቀን ጥዬ ወጣሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልወጣሁም። ማማ ንጄሪ በር ላይ ትጠብቀኛለች፣ ሆድም ይጠብቃል። ተናድጄ አሰርኩ፤ ንዴቴ ግን ጆንያውን አላቀለለውም። እጄ ደግሞ ሌላ አያውቅም፤ ሦስት ዙር፣ ሁለት ጆሮ፣ ግራው በሥር። ማንም አላዘዘኝም፣ እኔም ልብ አላልኩትም። እህሉ አዲስ አበባ ይቀራል ብዬ ነበር። ወደ ወረታ ሩዝ የሚጭን ማን አለ? ጣና ዳር ውሃ እንደ መሸጥ ነው።

አንድ ቀን የጉዮን ጋዜጣ ሳገላብጥ የቀጠናው አገሮች የእርስ በርስ ንግድ ጨመረ ይላል። ጨምሯል፣ አልዋሹም። እያንዳንዷ ያሰርኳት ጆንያ እዚህ ወጪ ንግድ፣ እዚያ ገቢ ንግድ ተብላ ተቆጥራለች። አባቴ ኢኮኖሚው ማደጉ እውነት ነው ወይ ሲሉኝ አዎ እውነት ነው፣ አባዬ፣ በኔ ትከሻ ነው ልላቸው ነው? ጋዜጣውን ቀዳድጄ ጣልኩት። ጉዮ ገና አላነበበውም ነበር፤ ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ሰኔ ገባ። እዚህ ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ያበቃል፤ ብርዱ ብቻ ይቀራል። የኛ አገር ሰማይ ተከፍቶ የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን ሲሞሉት የዚህ አፈር አቧራ ይሆናል። ገዥ አላገኘሁም። ለአባቴ ልደውል ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ከሰኔ ሚካኤል ማግስት እሳቸው ራሳቸው ደወሉ።

«እንደምን አለህ ልጄ?» አሉ። ድምፃቸው ደስ ያለው ነው። «ትናንት ምን እንዳየሁ ታውቃለህ? አንድ የወረታ ነጋዴ ለሚካኤል ስለት ሩዝ አግብቶ ነበር። ጾምም ነውና ለበዓሉ ይቀቀል ተባለ። ደጀ ሰላም ገብቼ ጆንያውን ልፈታ ጎንበስ ብል ቋጠሮው የኛ ነው።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ሌላ ሰው ያሰረው መስሎኝ ነበር፤ አገላብጬ አየሁት። ግራው ጆሮ በሥር ያልፋል። ይህን ከኔና ካንተ በቀር በምድር ላይ የሚያስር የለም። ላገሩ ሰው ሁሉ፣ ልጄ ነው፣ ይኸው እጁ አልኩ። እዚያም ሩዝ ቤት ገባህ አይደል?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«ሩዙ ነጭ ነው። ጣዕም የለውም እንጂ፣ ነጭ ነው። ወረታ ገበያው ሙሉ እሱ ነው አሁን፤ የኛን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ። እኔም ዘንድሮ አልዘራሁም። ማሳውን ሰጠሁት፤ ባህር ዛፉን ከትናንት ወዲያ መትከል ጀምረዋል። አንተ አትዘን። ገዥ ማጣትህ ካንተ አይደለም።»

አባቴ ሞኝ አይደሉም። የኔን እጅና የገበያውን ሩዝ አገናኝተው፣ ግን ለኔ ብለው ለይተው ነግረውኝ እንደሆነ አላውቅም። አልጠየቅኋቸውም። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ገበያውን የሞላው ያ ሩዝ በኔ እጅ ነው የታሰረው፣ አባዬ፣ ማለት ነበረብኝ።

«ያን ለት ሳልመርቅህ መሄድህ ሲቆጨኝ ነው የከረመው» አሉ። «ቋጠሮውን ሳይ፣ ይህ ልጅ ቤቱን አልረሳም አልኩ። አሁን ጎንበስ በል።»

መጋዘኑ መሐል፣ ጉዮ እያየኝ፣ ስልኩን እንደያዝኩ ጎንበስ አልኩ።

«እግዚአብሔር ይጠብቅህ። በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ። እጅህን ይባርክልህ። ያሰርከው አይፈታ፣ የነካኸው ይብዛ።»

በወዲያኛው ጫፍ ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል።

«አሜን በል እንጂ፣ ልጄ» አሉ።