እትዬ አልታዬና የልጃቸው ባነር

ይሄነው እትዬ አልታዬን በደንብ አያውቃቸውም። በገበያ ቀን ከከላላ በኩል ጌሾ ይዘው በበቅሎ መካነ ሰላም ሲገቡ፣ ኮርቻቸውን የእሱ ዲዛይን ቤት በረንዳ ጥግ አስቀምጠው ወደ ገበያው ይወርዳሉ፤ ትውውቃቸው ይኸው ነው። ስንት ልጅ እንደወለዱ እንኳ ጠይቋቸው አያውቅም። ተረፈ የሚባል ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ እንዳላቸው ግን ራሳቸው ሳይጠየቁ ይናገራሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቢሆንም ኮርቻውን ባስቀመጡ ቁጥር የተሰቀሉትን የምርቃት ባነሮች ቀና ብለው ያያሉ።

"የኔንም ልጅ እንዲህ አድርገህ ነው የምትሠራልኝ።"

"ከዚህ አስበልጬ ነው እንጂ፣ እትዬ።"

"ዋ! አፍንጫውን እንዳታጣምምብኝ። የሟች አባቱ ነው።"

ይሄነው የሠርግ ካርድም፣ የጽዋ ማኅበር መጽሔትም፣ የምርቃት ባነርም፣ የሙት ዓመት መታሰቢያም ይሠራል። ሥራ ሲበዛበት አንድ የተዘጋጀ ገጽ ይከፍትና ፎቶውንና ጽሑፉን ብቻ ይቀይራል፤ አበባው ያው አበባ፣ ወርቃማው ክፈፍም ያው ነው።

አንድ የገበያ ቀን የተረፈ ጓደኞች ደወሉ። ልጁ ወደ አገሩ ሲመጣ መኪና ተገልብጦ ሞቷል። ለቀብሩ ባነር ፈለጉ፤ ከምርቃቱ አስቀድሞ በጋዋን የተነሣውን ፎቶ ላኩ። "እናቱ አልሰሙም። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መርዶውን ይነግሯቸዋል፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል" አሉት።

ይሄነው የምርቃቱን ገጽ ከፍቶ "ነፍስ ይማር" ብሎ ጻፈበት። አትሞም ቀለሙ እንዲደርቅ በረንዳው ላይ ሰቀለው። ኮርቻው ከሥሩ መኖሩን ልብ አላለም።

የእትዬ አልታዬ ጌሾ ያን ቀን ቶሎ ተሸጠ። ኮርቻቸውን ሊወስዱ መጥተው ቀና ሲሉ፣ ልጃቸው ጋዋን ለብሶ በአበባ ተከቦ ይስቃል።

"ይሄነው፣ ደረሰ እንዴ ምርቃቱ? ለኔ ሳይነግረኝ?"

ይሄነው ሽማግሌዎቹን አሰበ። መርዶ መንገድ ላይ፣ ያውም በእሱ አፍ?

"ደርሷል፣ እትዬ" አለ።

እልል አሉ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው ደሳለው ነገሩን ሰምቶ ነበርና የስፌት መኪናውን አቁሞ አቀረቀረ።

"ምነው ዝም አላችሁ? አግዙኝ እንጂ" አሉ እትዬ አልታዬ።

ይሄነው የሚያደርገው ቢጠፋው አጨበጨበ።

በማግስቱ መርዶው ተነገራቸው። በቀብሩ ላይ ይሄነው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ ባነሩን ላለማየት መሬት መሬቱን አየ።

"መርዶ በአደባባይ አይነገርም፤ ደግ አደረግህ" አለው ደሳለው ሲመለሱ።

"አጨበጨብኩ እኮ።"

ከዚያ ወዲያ ይሄነው ያን ገጽ ለምርቃት መክፈት አቃተው፤ የመጣውን ሁሉ ሌላ ቤት ይልካል።

ከአርባው በኋላ እትዬ አልታዬ ጥቁር ለብሰው ገበያ ወጡ። ኮርቻቸውን እዚያው ጥግ አስቀመጡ። ሲመለሱ ገብተው ተቀመጡ።

"ያንን ባነር አሳንሰህ አውጣልኝ። ከትራሴ ሥር የምትገባ ትሁን።"

"ጽሑፉን ላጥፋው፣ እትዬ?"

"ተወው። እንዳየሁት ይሁን።"

በካርድ ልክ አትሞ፣ በፕላስቲክ ላሚኔት አድርጎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ሂሳብ አልቀበልም አለ። ሊነሡ ሲሉ አላስችል አለው።

"እትዬ፣ ያን ቀን እልል ሲሉ… ልብዎ አልጠረጠረም ነበር?"

እትዬ አልታዬ ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ቋጠሮውን ደግመው አጠበቁት።

"ኮርቻውን አንሣልኝ" አሉት።