ማንም ያላነበበላቸው መጽሐፍ

ሞላሌ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በመምህራን ክፍል ውስጥ ጎኔ የሚቀመጡት የታሪክ መምህር ዓይነ ስውር ነበሩ። ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ቤት ከርመው፣ ኋላ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰው ናቸው። መጽሐፍ የሚያገኙት በሰው አፍ ነው፤ ክፍለ ጊዜ የሌለው መምህር ይቀመጥና ያነብላቸዋል። እኔም አነብላቸው ነበር።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ያለ የዓይነ ስውራን ማኅበር በድምፅ የተቀዱ መጻሕፍት የሚወርዱበትን አድራሻ በስልክ ሰጣቸው። ከሰዓት በኋላ አብረን ወደ ኮምፒውተር ክፍል ሄድን። ጉሙ አጥሩን ውጦታል፤ ሁለታችንም ጋቢያችንን አላወለቅንም። አድራሻውን ጻፍኩ። ብሮውዘሩ ቆይቶ ቆይቶ መክፈት አልቻልኩም አለ። ደገምኩት፤ ያው ነው።

«ኔትወርኩ ነው፤ ሌላ ቀን እንሞክረው» አልኳቸው።

«ሌላ ድረ ገጽ ይከፍታል?»

ሞከርኩ፤ ይከፍታል።

«እንግዲያው ኔትወርኩን አትውቀሺው። እስቲ ወንበሩን ልቀቂልኝ።»

በስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸውን ፕሮግራም ቀደም ብለው አስጭነውት ነበር። ማውሱን አልነኩም። በኪቦርዱ ብቻ የብሮውዘሩን ሴቲንግ ከፍተው ዝርዝሩን ወደ ታች ይወርዱ ጀመር። ድምፁ ይጣደፋል፤ እኔ አንዱን ቃል ሳልለይ እሳቸው ሦስተኛው ላይ ናቸው። ድንገት ቆም አሉ።

«ይቺ ናት። ፓሲቭ ኤፍቲፒ። የራይት ምልክት የለባትም።»

«ምን ትሠራለች?»

«አሁን እኛ በዚህ ኤፍቲፒ በሚሉት የፋይል ማስተላለፊያ ስንጠይቅ መጻሕፍቱ ያሉበት ሰርቨር ነው ወደ እኛ ለመግባት የሚሞክረው። የትምህርት ቤቱ ኔትወርክ ደግሞ ከውጭ የመጣ አያስገባም። ይቺ ከበራች ግን ሄደን የምናመጣው እኛው ነን።»

ራይት አደረጉባት። አድራሻውን እንደገና ስከፍተው የመጻሕፍቱ ስም ከላይ እስከ ታች ተደረደረ። እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

«ይህን ከየት አወቁት?»

«የማኅበሩ ባለሙያ አንድ ጊዜ በስልክ ነግሮኛል። ቅኔ ቤት የሰማነውን የምንጽፍበት ነገር አልነበረንም፤ ጆሮዬ እዚያ ነው የተገራው።»

አንድ ረጅም ልብ ወለድ መረጡ። ፋይሉ ቀስ እያለ ወረደ፤ በፍላሽ ይዘውት ወደ ቤታቸው ገቡ።

ሰኞ ጠዋት ገና ሳልቀመጥ «ጨረስኩት» አሉኝ። «መጨረሻው ግን አልጣመኝም። ደራሲው ልጅቷን ያለ ምክንያት ገደላት።»

መጽሐፉን አንብቤው ስለነበር አልተስማማሁም። እሳቸውም አልለቀቁኝም፤ ክርክራችን እየጋለ ሄዶ ባልደረቦቻችን ደብተር ማረማቸውን ትተው ያዳምጡን ጀመር። በመካከሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ታውቂያለሽ፣ ሰው ሲያነብልኝ ሲደክመው ይሰማኛል። ያን ጊዜ 'ይበቃኛል' እላለሁ፤ ባይበቃኝም። ይሄኛውን ግን እስኪበቃኝ ሰማሁት።»

ከዚያም ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና፣ «በይ አሁን፣ ልጅቷ መሞት ነበረባት ያልሽበትን ምክንያት አስረጂኝ» አሉ።