የእቴቴ አጋዘን

የካሜራውን የቆዳ ቦርሳ በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚቀበለኝ ሽታው ነው። የቆዳ ሽታ ብቻ አይደለም፤ የእንጨት ጭስ አለበት፣ ትንሽ ቅቤም አለበት። ስንት ጊዜ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ አልለቅ አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዲለቅም አልፈልግም።

ቦርሳው የአክስቴ ነበር። እኔ እቴቴ ነበር የምላት። አሰላ ዋናው መንገድ ላይ ፎቶ ቤት ነበራት። በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ አግብቶ፣ ተመርቆ ወይ ልጅ ክርስትና አስነስቶ እሷ ፊት ያልተቀመጠ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ከተነሺው ኋላ ሐይቅና ዳክዬ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከፊቱ ደግሞ እሷ። ሰውን ሳታስተካክል አታነሳም። አገጩን በጣቷ ከፍ ታደርጋለች፣ ትከሻውን ዝቅ ታደርጋለች፣ ከዚያ ወደ ካሜራዋ ተመልሳ «ቀና በልልኝ የኔ ጌታ» ትለዋለች። ሴት ከሆነች «የኔ እመቤት»። ተኮሳትሮ የገባ ሰው እንኳን ያንን ሲሰማ ፊቱ ይፈታ ነበር።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አብሬያት መሥራት የጀመርኩት ዓይኗን ሞራ መጋረድ በጀመረበት ሰሞን ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ፎቶዎቿ ግን ይደበዝዙ ጀመር። እኔም «መብራቱን ላስተካክል» እያልኩ በአጠገቧ አልፍና ርቀቱን ገምቼ ምስሉን የሚያጠራውን የሌንስ ቀለበት ትንሽ አዞርላት ነበር። ታውቃለች። ግን እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። እንዲህ ተያይዘን ስንት ሙሽራ ዳርን መሰለህ!

አንድ ቀን በሩን ስንከፍት «የደጋ አጋዘን ማንሳት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። «መጋረጃው ፊት ልታስቀምጪው ነው?»

«አትቀልጂ። ዕድሜዬን ሙሉ ተቀመጥ ያልኩትን ሰው ሳነሳ ኖርኩ። አንድ ጊዜ እንኳን ማንም ያላስቀመጠውን፣ እዚያው ባለበት፣ በራሱ ፀሐይ ላንሳ። ዓይኔ ሳይሄድ።»

የመጨረሻዋን ስትናገር ሳቄ ጠፋ።

«ፍላሹን ልያዝልሽ?» አልኳት ስንነሳ።

«ፍላሽ ለሠርግ ነው» አለችኝ።

ጭላሎ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ የደን ጠባቂ ነበሩ፤ ለመታወቂያ ሊነሱ መጥተው ነው የተዋወቅናቸው። ግማሹን በሚኒባስ፣ የቀረውን በጋሪና በእግር ሄደን እሳቸው ቤት አደርን። ከምድጃው የአስታ እንጨት ይጨሳል። ባለቤታቸው ጭኮ አቀረቡልን፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፣ አንዴ ከጀመርከው አታቆምም። ቦርሳው ላይ የቀረው ቅቤ የዚያን ቀን ከጣቴ የተረፈ ነው።

ጎህ ሲቀድ ሽቅብ ወጣን። ብርዱ አፍንጫ ይቆነጥጣል፤ የጓሳው ሣር ጤዛ ቀሚሳችንን እስከ ጉልበት አራሰው። ሽማግሌው ከፊት ሆነው «ሱታ፣ ሱታ» ይሉናል፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። የአስታው ቁጥቋጦ ጋ ስንደርስ በእጃቸው አስቀመጡን። ጉሙ መነሳት ሲጀምር «ኩኖ!» አሉ በሹክሹክታ፤ ያውላችሁ!

ቀንዱ የተጠማዘዘ ትልቅ ወንድ አጋዘን ነበር። አንገቱን ደፍቶ ይግጣል። ሣሩ ሲበጠስ እንኳን ይሰማን ነበር።

«የቱ ጋ ነው?» አለች እቴቴ።

እጇን ይዤ በራሷ ጣት አሳየኋት። ብዙ ከፈለገች በኋላ «አየሁት፣ አንድ የጠቆረ ነገር» አለችና፣ «ፀሐይዋ እሱ ጋ ስትደርስ ንገሪኝ» አለችኝ።

ጠበቅን። ብርሃኑ መጀመሪያ የጋራውን ጫፍ ያዘ፣ ከዚያ በአስታው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ቀንዱን ነካው። ከዚያ ጀርባውን።

«ደረሰች» አልኳት።

ካሜራውን አነሳች። ቀለበቱ ያለ ቦታው እንደሆነ ወዲያው አየሁ፤ ፎቶ ቤት ውስጥ ወንበሩ ላይ ለሚቀመጥ ሰው በሚሆነው ላይ ነው ያለው። ትንሽ አዞረችው፣ አልበቃም። እጄ ሳላዘው ሄደ።

«እጅሽን» አለችኝ ዞር ሳትል። «ይሄ የኔ ነው።»

እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩት። አንዲት ንክኪ ነበረች የቀረችው፤ ያንን አለማድረግ እንዴት እንደከበደኝ ልነግርህ አልችልም። ደግሞስ ብነካው የማን ፎቶ ሊሆን ነው?

ከዚያ የሆነውን ስነግራቸው የሚያምኑኝ ጥቂቶች ናቸው። እቴቴ፣ እንደለመደችው፣ ፎቶ ቤቷ ውስጥ ያለች ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ቀና በልልኝ የኔ ጌታ!» አለች።

«ያ ረቢ!» ብለው ሽማግሌው አፋቸውን ያዙ።

አጋዘኑ ቀና አለ። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ሆና ትክ ብሎ አየን። ካሜራው ቀጭ አለ። ከዚያ እንደ ውሻ አንዴ ጮኸና አስታው ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ሽማግሌው ሣሩ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እኔ ስንት ዘመን ስጠብቀው ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። አንቺን ግን ሰማሽ!»

ስንመለስ፣ ፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ በቀዩ አምፖል ሥር ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ሳወጣው እንደፈራሁት ነው። ቀንዱ ከቁጥቋጦው ተቀላቅሏል፣ ዓይኑ የት እንዳለ አይታወቅም።

«እንዴት ሆነ?» አለችኝ ከኋላዬ።

«አምሮበታል፣ እቴቴ።»

አሳድገን አጥበን፣ ባለመስታወት ፍሬም አስገብተን በሩ ፊት ለፊት ሰቀልነው። «ይሄ በሬ ነው ወይስ ጉም?» ሊል አፉን የሚከፍተውን ደንበኛ ሁሉ ከጀርባዋ በዓይኔ እጠቅሰዋለሁ፤ «ድንቅ ነው!» ብሎ ያልፋል። ሽማግሌው ብቻ ከተማ ሲወጡ አይተው፣ ሳልጠቅሳቸው፣ «ኢሱማ! እሱ ራሱ ነው» አሉ።

በኋላ የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሞራው ተገፈፈላት። ፋሻው ሲነሳ ከቤት በፊት ፎቶ ቤቱን አለች። ገብታ ሁሉን ታይ ጀመር። «እንዲህ በቆሸሸ መጋረጃ ነው እንዴ ሰው የማነሳው? አንቺስ መቼ ነው እንዲህ የከሳሽው?» ከዚያ ፎቶው ፊት ቆመች።

በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ወለወለችው። ፎቶው ያው ነው። ዞር ብላ እጆቼን አየቻቸው።

«አልነካሽውም» አለች።

«አልነካሁትም።»

«እንዳታወርጂው። ልክ እንዳየሁት ነው የወጣው።» ጭንቅላቴን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገችና ሳመችኝ።

እቴቴ ካረፈች ቆየ። ባለፈው ጥቅምት እኔም ጭላሎ ወጥቼ ነበር፣ የዓይን ሽፋሽፍት በሚቆጥር አዲስ ካሜራ። የማለዳዋ ፀሐይ በአስታው ላይ እስክትወርድ ጠበቅኩ። አንዱ አንገቱን ደፍቶ ይግጥ ነበር። ሁሉን አስተካክዬ፣ ጣቴን መጫኛው ላይ አድርጌ፣ አፌን የሚይዘኝ ሰው ስላልነበረ «ቀና በልልኝ የኔ ጌታ» አልኩት።

ቀና አለ። እኔ ግን አላነሳሁትም። ዓይኔን እንባ ሞልቶት ነበርና፣ አጋዘኑ ልክ የእቴቴን ፎቶ መስሎ ታየኝ።