የሰባት ቁጥር አልጋ

ልጅቷ ነርስነት ልትማር ዩኒቨርሲቲ ከገባች ስድስት ወር ሆነ። እናቷ ገና ካሁኑ ለጎረቤቱ ሁሉ «የእኔ ሲስተር» እያለች ታወራላታለች። ዶርም ውስጥ ግን ስሟ «ፍሪጅ» ነው፤ ያወጣችላት ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ወሬኛዋ ናት። «ብትከፍቷትም ብትዘጓትም ያው ቀዝቃዛ ናት!» ትላለች። ልጅቷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። ኋላ እንባው ቆመ፤ ሲቆምም ረሃቡንም እንቅልፉንም ናፍቆቱንም ይዞ ሄደ። እናቷ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ እማ» ትላለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ተማሪዎቹ ለልምምድ ሆስፒታል ዋርድ ገብተው የየታካሚውን ትኩሳት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ እየለኩ ካርዱ ላይ ይጽፉ ነበር። አስተማሪያቸው ሲስተር ካርዶቹን ሲያገላብጡ ሰባት ቁጥር ላይ ቆሙ።

«ነይ እስቲ። ይሄን ሰውዬ አንቺ ነሽ የለካሽው?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«ትንፋሹ ሃያ ነው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ሰው ነው! ትናንት ድኖ ወጥቷል። እቤቱ ተኝቶ ይተነፍስልሻል!»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ልጅቷ ወደ ሰባት ቁጥር አልጋ ዞር አለች። ከሰውዬው የቀረው ሳይነሳ የተረሳው ካርዱ ብቻ ነበር፤ አልጋው ተነጥፏል፣ አንሶላው ላይ አንዲት እጥፋት እንኳ የለችም። ማፈር እንዳለባት ታውቃለች፤ ፊቷ ግን አልሞቀም።

ሲስተር ለብቻዋ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ወሰዷት።

«ስሚ ልጄ፤ ያልለካሽውን መጻፍ ያስባርራል። አልጋ ተምታቶብሽ ከሆነ አሁን ንገሪኝ። የስምንቱን ሰባት ላይ ጻፈች ብዬ አልፈዋለሁ።»

አንድ «አዎ» ብቻ ነበር የሚፈለግባት።

«አልተምታታብኝም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ማንን እንደለካሁ አላስታውስም። የስምንቱንም፣ የሌሎቹንም። ሁሉም እንደገና ይለኩ።»

«እንዲህ ከሆንሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«እንጃ።» አሰበች። «ጸጉሬን ከታጠብኩ ወር አልፎኛል።»

ሲስተር አልተቆጡም፤ አላቀፏትምም። ጋውኗን እንድታወልቅ ነገሯት። ልምምዱ ይቆማል፤ ዛሬውኑ የተማሪዎች ክሊኒክ ሐኪም ያያታል፤ መመለሷ ከዚያ በኋላ ይታያል።

አዝራሮቹን አንድ በአንድ ፈታች። እፎይታ አልመጣም። ከበሩ ባሻገር ሁለት ተማሪዎች ከአንድ ቁጥር አልጋ ጀምረው እንደገና ይለካሉ፤ አንደኛዋ የአንድ ሽማግሌ እጅ ይዛ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትቆጥራለች።

«ብቻሽን ትሄጃለሽ ወይስ ላድርስሽ?» አሉ ሲስተር።

«ያድርሱኝ» አለች።