ቮልሷን ያፈንኳት ክረምት

ዛሬ ጠዋት ሰቆጣ ያለውን ጋራዣችንን ስከፍት የእርጥበት ሽታ መጣብኝ። የአባቴ አሮጌ ቮልስ እዚያ ቆማለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ቀለሟ ግን ከእኔ ፀጉር በተሻለ ከርሟል።

ሽታው ወደ አሥር ዓመቴ መለሰኝ። አባዬ ክረምቱን ለሥራ አምደወርቅ ሲሄድ "መኪናዋን ዝናብ እንዳይነካት፣ አደራ!" አለኝ። እኔ ሊቁ በላስቲክ ጠቅልዬ በገመድ አሰርኳት። አልበቃኝም፤ የጋራዡን መስኮት በጭቃ መረግሁት።

ከሳምንታት በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የብራና መጻሕፍት የሚጠብቁት ጎረቤታችን የኔታ ላስቲኩን ገለጥ ሲያደርጉ ከሥሩ የታፈነው ውሃ ተንጠባጠበ። ወንበሩ ሻጋታ አብቅሏል።

"አንተ! ጠብቃት ተባልክ እንጂ ቅበራት ተባልክ?"

"የኔታ፣ አባዬ ይገድለኛል!"

"ዝም በልና ጭቃውን አፍርስ። ብራናም ሲታፈን ነው የሚበሰብሰው።"

ሻጋታውን በደረቅ ጨርቅ ጠረግን። የኔታ ለመጻሕፍቱ እንደሚያደርጉት፣ እርጥበቱን እንዲመጥ ያልተቀጣጠለ ከሰል በቁና አድርገው መኪናዋ ውስጥ አኖሩ። እኔ ከሰሉን ፀሐይ ላይ እያደረቅሁ እመልሳለሁ፤ ሰማዩ ሲጠራ በሯን እከፍታለሁ፣ ሲደምን እዘጋለሁ። "እርጥበት እንግዳ ነው፤ መውጫ ካጣ ባለቤት ይሆናል" ይሉኛል። ያኔ ለእንግድነት መጥቶ እኛው ቤት የቀረውን የአክስቴን ባል የሚያሙ መስሎኝ ነበር።

መስከረም ላይ አባዬ ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ተነሳች።

"ማነው እንዲህ የጠበቃት?"

የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው "ልጅህ ነዋ" አሉ። ስለ ላስቲኩ ትንፍሽ አላሉም።

አሁንም አባዬ ደጅ ተቀምጦ ለልጆቼ "አባታችሁ ከልጅነቱ ጠንቃቃ ነበር" ይላቸዋል። እኔም የኔታን ነፍሳቸውን ይማር ብዬ በሆዴ አመሰገንሁና፣ እንደ ጠንቃቃ ሰው ጉሮሮዬን ጠረግሁ።